በፀሐይ የሚሞላ ወንዝ

ጋሼ ውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አስቀመጡ። ቡጢ የምታክል፣ ግራጫ። ግማሿን ውሃ ይልሳታል፣ ግማሿ ደረቅ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር፤ ጋሼ አሜሪካ ከገቡ ሁለት ወር ቢሆናቸውም ሰዓታቸውን አልቀየሩም። «ስንመለስ እናያታለን» አሉና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተነሱ።

ምን እያደረጉ እንደሆነ አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላሳሰበኝም። ሐሳቤ ሁሉ መኪና ውስጥ የረሳሁት የፀሐይ ቅባት ላይ ነበር።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ያደጉት ደጀን ነው፣ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ። ልጅ ሆነው ከብት ይዘው ወደ ቆላው ሲወርዱ ክረምት ላይ ወንዝ እንዴት እንደሚሻገሩ ከአባታቸው ተምረዋል። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ወንዝ ማለት ለእኔ ከድልድይ ላይ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ነገር ነበር። ስድስት ወር ሊጠይቁን ሲያትል መጥተው በሁለተኛው ወር ሁሉም ነገር ሰለቻቸው። ሞሉን አየነው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሳምነው፣ ዘመድ ሁሉ በየተራ ጋበዛቸው። ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰማዩ ሲጠራ ከሳሎናችን መስኮት ብቅ የሚለው ያ ነጭ ተራራ።

ሬኒየር ይባላል። የጥንት ነዋሪዎቹ ታሆማ ይሉታል። ቁመቱ 4,392 ሜትር ነው ስላቸው ጋሼ ሳቁ። «ራስ ደጀን ይበልጠዋላ!» ልክ ናቸው፣ ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ነው። «ታዲያ የእኛው ለምን በረዶ አልያዘም?» ይኼን ጥያቄ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ተራራ እያየሁ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

መልሱን ለማግኘት ትንሽ ማንበብ ነበረብኝ። ራስ ደጀን ከምድር ወገብ በ13 ዲግሪ ነው የሚርቀው፣ ሬኒየር በ47። ሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ ቢጥልም ፀሐይዋ አታሳድረውም። እዚህ ደግሞ የፓስፊክ ውቅያኖስ እርጥበት በብርዱ ወራት መጥቶ ከተራራው ጋር ይላተምና ያለውን ሁሉ ያራግፋል። ፓራዳይዝ በሚባለው የተራራው ወገብ ላይ ከ1971 እስከ 1972 ባለው አንድ ወቅት የወረደው በረዶ ተደምሮ 28 ሜትር ተኩል ገደማ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ዘጠኝ ፎቅ በሉት። በነገራችን ላይ በበረዶ ዘመን ሰሜንም ባሌም ግግር በረዶ ነበራቸው። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆኖባቸው ነበር።

እናም ነሐሴ ላይ፣ አንድ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን፣ ሄድን።

ኒስኳሊ ወንዝ ከተራራው ደቡባዊ ጎን ነው የሚነሳው፣ ስሙን ከሚጋራው ከኒስኳሊ ግግር በረዶ አፍ። ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ፒውጀት ሳውንድ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ይገባል። 130 ኪሎ ሜትር ማለት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ማለት ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ከዘላለም በረዶ ተነስቶ፣ ጫካ ሰንጥቆ፣ ገደል ወርዶ፣ ሁለት ግድብ አልፎ ባሕር ይደርሳል።

መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ቀለሙ ነው። ኩልል ያለ የተራራ ውሃ ጠብቄ ነበር፣ እንደ ታሸገ ውሃ ማስታወቂያው። የጠበቀኝ ግን ሲሚንቶ የታጠበበት የመሰለ ውሃ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ቀዱና አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን አሻሹ፣ ልክ ወፍጮ ቤት ዱቄት ላመ አልላመም ብለው እንደሚፈትሹት። «ዱቄት ነው» አሉ። «ልሟል።»

ዱቄት ነው በእርግጥ። ግግር በረዶ ሲባል የቆመ የሚመስለን ብዙ ነን፤ አይቆምም። ከላይ የወረደው በረዶ በራሱ ክብደት ተጨምቆ ይጠጥርና ቀስ እያለ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ከሥሩ የነከሳቸው ድንጋዮች ደግሞ የተራራውን አለት ይፈጩታል። በረዶው መጅ፣ ተራራው ወፍጮ። የሚወጣው ዱቄት በጣም ደቃቅ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ቶሎ አይዘቅጥም። በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ቤት ወስጄ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱም ጉም እንደመሰለ ነው። ከቀናት በኋላ ነው ከላይ እየጠራ፣ ከታች ጣት የማያክል ግራጫ ነገር እየረጋ የመጣው። (ጠርሙሷን አስታውሷት።)

የተሻገርንበት ቦታ ኩገር ሮክ ከሚባለው የድንኳን ሰፈር ፊት ለፊት ነው። ወንዙ እዚያ ጋ አንድ መንገድ የለውም። ሰፊ የድንጋይ ሜዳ ላይ ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ፣ እየተለያየና እየተገናኘ፣ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይወርዳል። ዘንድሮ የሄደበትን ከርሞ ላይሄድበት ይችላል። ሜዳው ላይ ቅርፊታቸው የተላጠ ትልልቅ ግንዶች እዚህም እዚያም ተጋድመዋል። ጋሼ «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አሉ፣ እንደሚጠበቀው። ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ «ይኼኛው ግን ሲደክመው እየጣለው ይሄዳል» ብለው አስተካከሉ። ዋናውን ውሃ የምትሻገሩት አንድ ወፍራም ግንድ ላይ ነው፤ ላዩ ተጠርቦ በአንድ በኩል መደገፊያ ተሠርቶለታል። ወንዙ በየጊዜው ይወስደዋል፣ ተራራው ያለበት ብሔራዊ ፓርክ ሠራተኞች መልሰው ያጋድማሉ።

ተሻግረን ካርተር ፏፏቴ ወጣን። ሩቅ አይደለም፣ ጋሼ ግን እያንዳንዱን ዛፍ ቆመው ነው የሚያዩት። ፏፏቴው ፓራዳይዝ የሚባለው ሌላ ወንዝ ላይ ነው፣ እሱ ጥርት ያለ ነው። እዚያ በፔርሙስ የያዝነውን ቡና ጠጣን፣ ዳቦ በላን፣ ጋሼ ሸለብ አደረጋቸው። ስንመለስ አስር ሰዓት አልፏል።

ድንጋዪቱ የለችም።

መጀመሪያ ቦታው የተሳሳትን መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን አልተሳሳቱም። ከመሬቱ ዳገት ገምተው «እዚያ ጋ ናት» ብለው የጠቆሙኝ ቦታ ከውሃው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ጠዋት በደረቅ ጫማ የተራመድንበት አንድ ባዶ የድንጋይ ቦይ አሁን ውሃ ይሄድበታል። እኛና መኪናችን መካከል።

«ላይ ዘንቧል» አሉ ጋሼ። ፊታቸው ተለዋውጧል። ደራሽ የሚያውቅ ሰው ፊት ነው። እሳቸው ባደጉበት አገር እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ወርዶ ቆላ ላይ ያለውን ሰውና ከብት ይጠርጋል። ቀና ብለው ተራራውን አዩት። መሐረብ የምታክል ደመና የለም። ተራራው ቁልጭ ብሎ ቆሟል፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ሙቀቱ ጀርባ ይጠብሳል። ግራ ገባቸው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ምድሩ ደርቆ፣ ወንዝ ሞላ!

ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማነው። ከውሃው ጫጫታ ሥር ሌላ ድምፅ አለ። ድው። ዝም። ድው፣ ድው። ጎረቤት ቤት ቁም ሳጥን የሚገፋ ሰው ያለ ይመስላል። ውሃው ቋጥኝ እያንከባለለ ነው፣ ከሥሩ፣ በማይታይበት። ውሃው እንደ ወተት ስለሆነ ምንም አይታይም፣ እግር ግን መሬቱ ሲመታ ይሰማዋል።

ቦይዋን በእግራችን ተሻገርናት። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ በለጥ ትላለች፣ ግን ቅዝቃዜው አጥንት ይሰነጥቃል። ጋሼ ክንዴን ጨምድደው ይዘው ያዝዙኛል፦ «ፊትሽን ወደ ላይ አዙሪ። እግርሽን አታንሺ፣ ጎትቺው። ውሃውን አትዪ፣ ማዶ እዪ።» ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ትንሽ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛው ነገር መቀመጥ ነበር፤ ሌሊት ላይ መቅለጡ ስለሚቀንስ ጠዋት ወንዙ ራሱ መንገድ ይለቃል። ይኼን ያነበብኩት ግን በኋላ ነው። እዚህ አገር ተራራ የሚወጡ ሰዎች ከበረዶ የሚነሳ ወንዝ በጠዋት ተሻገሩ ይላሉ፣ ምክንያቱን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ማታ ቤት ገብተን እግራችንን እያሞቅን ለጋሼ አስረዳኋቸው። ፀሐይዋ ስትከር የበረዶው ላይኛው ገጽ ይቀልጣል። ውሃው በስንጥቁ እየገባ፣ በበረዶው ሆድ ውስጥ ባለው ዋሻ እየተሽሎከሎከ ከታች በአፉ ይወጣል። ያ መንገድ ሰዓታት ይፈጃል፣ ስለዚህ የቀኑ ሙላት የሚደርሰው ቀትር ላይ ሳይሆን ወደ ማታው ነው። ቀዝቃዛና ደመናማ ቀን ወንዙ ይረጋጋል። የጠራ ሞቃት ቀን ይሞላል። «እና ላይ አልዘነበም፣ ላይ ፀሐይ ወጥታለች» አልኳቸው። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «ሐምሌና ነሐሴ ነው በይኛ» አሉ።

አዎ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህ አገር ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው። አባይም የሚሞላው ያን ጊዜ ነው፣ የኒስኳሊ ላይኛው ክፍልም። አባይ ዝናብ ስለመጣ፣ ኒስኳሊ ዝናብ ስለጠፋ። ይኼ ነገር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ወንዝ የማንበብ ዕውቀታችን በሙሉ ደመና ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቀና ብለህ ጥቁር ነገር ትፈልጋለህ። እዚህ ግን ጥቁር ነገር በሌለበት ቀን ነው መጠንቀቅ።

ደመናውም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሞቅ ያለ ዝናብ ሲመጣ ተራራው ላይ በረዶ መሆኑ ይቀርና ሁሉም በአንዴ ይወርዳል። በኖቬምበር 2006 በ36 ሰዓት ውስጥ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዘነበ። ኒስኳሊ ሰንሻይን ፖይንት የሚባለውን የድንኳን ሰፈር ከነመሬቱ ወሰደው። መንገዶቹ ተበጣጥሰው ፓርኩ ለመኪና ስድስት ወር ያህል ተዘጋ። ሦስተኛ ዓይነት ደራሽም አለ፣ የሚያስፈራው እሱ ነው፦ በበረዶው ሆድ ውስጥ የታጎረ ውሃ ድንገት ሲፈነዳ። በ1955 እንዲህ ያለው ጎርፍ ወደ ፓራዳይዝ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረውን የኮንክሪት ድልድይ ጠራርጎታል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ኒስኳሊን የሚቀላቀለው ካውትዝ ጅረት ደግሞ በ1947 የጭቃና የቋጥኝ ናዳ አውርዶ መንገዱን ቀብሮታል። ናዳው ያነቃቸው ዛፎች ደርቀው፣ ብር መስለው እዚያው ቀርተዋል።

ሎንግማየር የሚባለው ሰፈር ጋ ቆም ብላችሁ ወንዙን ከአጥሩ ማዶ እዩት። ወንዙ ድንጋይ እያመጣ፣ እየከመረ፣ የራሱን ወለል ከፍ አድርጎ ከቤቶቹ ደረጃ በላይ ነው የሚሄደው። የያዘው የድንጋይ ክትር ነው። እኔ እዚያ ሆቴል አልተኛም፣ ቢከፈለኝም። (ሆቴሉ ደስ ይላል ይላሉ።)

ድንጋዩ የበዛበት አንዱ ምክንያት በረዶው እየሸሸ መሆኑ ነው። በ1857 ኦገስት ካውትዝ የሚባል መኮንን ተራራውን ሊወጣ ሲሞክር የኒስኳሊ ግግር አፍ የት እንደነበር ጽፎ አልፏል። ከመቶ ዓመት በፊት የመጡ ጎብኚዎች አሁን ድልድዩ ባለበት አካባቢ በእግር ሄደው በረዶውን ይነኩት ነበር። ዛሬ ከድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ላይ ብታዩ ባዶ የድንጋይ ሸለቆ ነው የሚታያችሁ፣ በረዶው ሽቅብ ሩቅ ሸሽቷል። በረዶው ተሸክሞት የነበረው ኮረት ሜዳ ላይ ቀርቶ ወንዙን ይጠብቃል። ለጋሼ በጎተራ ነው ያስረዳኋቸው። በብርዱ ወራት ይገባል፣ በሙቀቱ ይወጣል፤ አሁን ከሚገባው የሚወጣው በልጧል። «ከዘሩ እየበላ ነዋ» አሉ።

ወንዙ ከፓርኩ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አልደር ግድብ ይይዘዋል። በ1945 ያለቀ፣ 100 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ ለታኮማ ከተማ መብራት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ያ ሁሉ ሲያንከባልለው የነበረው ድንጋይና አሸዋ ሐይቁ አናት ላይ ይቀራል፤ ዱቄቱ ብቻ ከውሃው ጋር ያልፋል፣ ሐይቁንም አረንጓዴ ያደርገዋል። ውሃው ሲጎድል ከሐይቁ ወለል የድሮ ጉቶ ይወጣል፣ በመቶዎች፣ እንደ መቃብር ድንጋይ። የድሮዋ አልደር መንደርም እዚያ ሥር ናት። ጋሼ ስለ ደለል ብዙ የሚሉት ነበራቸው፣ የጎጃም ሰው ስለ ደለል ሲያወራ መሸ ማለት ነው። ከአልደር ቀጥሎ ላግራንድ የሚባል ሁለተኛ ግድብና ጠባብ ገደል አለ፣ ከዚያ በላይ ሳልመን የሚባለው ዓሣ አይወጣም።

ታችኛውን ጫፍ ያየነው ኅዳር ላይ ነው፣ ጋሼ ሊመለሱ ሲሉ። የሚገርመው፣ እኔ ያንን ቦታ መቶ ጊዜ አልፌበታለሁ። ከሲያትል ወደ ፖርትላንድ ስትነዱ አይ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና በላዩ ነው የሚያልፈው። ቡና እየጠጣሁ፣ ስልክ እያወራሁ በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሳልፍበት ወንዝ መሆኑንም ልብ አላልኩ። አንድ ገበሬ በ1904 ረግረጉን በአፈር ክትር አጥሮ ከባሕር ነጥቆት ነበር። በ2009 ክትሩ ፈርሶ ባሕሩ ተመለሰ። አሁን ረግረጉ ላይ በእንጨት ርብራብ ሽቅብ ቁልቁል ትሄዳላችሁ፣ ሥራችሁ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጋሼ ድንጋይ ማስቀመጫ ስላጡ የአንዱን ምሰሶ እርጥብ መስመር በዓይናቸው ያዙ። ቡና ጠጥተን ስንመለስ መስመሩ ሰጥሟል። «ይኼስ? ፀሐይ የለችም እኮ።» ጨረቃ ናት አልኳቸው። ላይ በፀሐይ፣ ታች በጨረቃ የሚሞላ ወንዝ!

ቦታው በቢሊ ፍራንክ ጁኒየር ስም ነው የሚጠራው። የወንዙ የጥንት ነዋሪ የሆነው የኒስኳሊ ሕዝብ ልጅ ነው። አያቶቹ በ1854፣ በፈረንጆች ገና ማግስት፣ እዚያው ዴልታ ላይ በተፈረመ ውል መሬታቸውን ሲለቁ በለመዱት ቦታ ማስገር እንዳይከለከሉ አስጽፈዋል። ቢሊን ግን በ1945፣ በ14 ዓመቱ፣ ኒስኳሊ ላይ መረብ ጣልክ ብለው አሰሩት። ከዚያ በኋላ ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1974 ቦልት የሚባል የፌዴራል ዳኛ ውሉ ውል ነው ብሎ ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሹ የእነሱ ነው ሲል ፈረደ። ጋሼ ርብራቡ ላይ ቆመው አስደገሙኝ። «በገዛ ወንዙ? ሃምሳ ጊዜ?» ከዚያ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ብዙ አላወሩም፣ መኪናው ውስጥም።

ሲሄዱ ጠርሙሷን ስጪኝ ብለው ለመኑኝ። ከፓርኩ ድንጋይ መውሰድ ክልክል ነው ብዬ ነሐሴ ላይ ከኪሳቸው አንዷን አስጥያቸው ነበር፣ በዚያ ቂም ይዘዋል። ውሃዋ ከላይ ኩልል ብላለች፣ ከታች ግራጫው ረግቷል። በፌስታል ጠቅልለን፣ በነጠላ ጠቅልለን፣ ሻንጣው መሐል ከተትናት።

በሳምንቱ ደወሉልኝ። ጠርሙሷ በሰላም ገብታለች፣ ግን መንገዱ አናግቷት እንደገና ወተት ሆናለች። መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው እስክትረጋ እየጠበቁ ነው። ችግሩ ጎረቤታቸው እትዬ መጥተው አይተዋታል። ከሩቅ አገር የመጣ፣ በነጠላ የተጠቀለለ፣ ከሥሩ እምነት የመሰለ ነገር ያረጋ ውሃ። «ጠበል አይደለም ብላቸው አልሰማ አሉኝ» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «ትንሽ ይርጋልኝ ብለዋል። ጉልበታቸውን ሊቀቡት።»